ለአድዋ በዓል ያሰፋሁት ቀሚስ፦ ባሕር ዳር፣ ገበያው ጀርባ ስላለችው ስፌት ቤት

ባለፈው ዓመት የካቲት 23 ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሜ ጉልበቴ ከዳኝ። ተማሪዎቼ የአፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ ያነባሉ። እኔ ከኪራይ ቤት ያመጣሁትን ቀይ የከፋይ ካባ ደርቤ፣ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ የፖሊስተር ቀሚስ ለብሼ፣ ላቤ ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ ወገቤ ይወርዳል። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ክንዴን ይዛ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ። አዋጁን ሳልሰማ ቀረሁ። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ሁለቱም ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል። ካባውን ስመልስ ደግሞ ጠርዙ ተተልትሏል ተብሎ ከመያዣዬ ላይ 300 ብር ተቆረጠ፤ ጠርዙ ስረከበውም የተተለተለ ነበር።

የጥንት ልብስ ሁለተኛ አልለብስም ብዬ ነበር። ዘንድሮ፣ በ129ኛው የድል በዓል፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለብሼ ቆምኩ፣ ሄድኩ፣ መሬት ተቀመጥኩ፣ ከልጆች ጋር ዘለልኩ፤ ቤቴ ስገባም ለማውለቅ አልቸኮልኩም። ልዩነቱን ያመጣው ገበያው ጀርባ፣ ከቅመማ ቅመም ሻጮቹ አልፎ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ስፌት ቤት ናት። በር ላይ ምልክት የላትም። የሰፊውን ስም እዚህ መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ እኔ እንደምጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ወደዚያ ቤት የመራኝን ልናገር። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚያ በየዓመቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የሬኔሳንስ ፌስቲቫል የሚሉት ነገር አለ። ሜዳ ላይ የድሮ መንደር ተሠርቶ፣ ሰዎች በ16ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ልብስ፣ በስምንተኛው ሄንሪ ዘመን አለባበስ፣ ሲዞሩ ይውላሉ። እንዲህ ያለው ፌስቲቫል አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ካሊፎርኒያ ላይ ነው። እሷ የመጀመሪያውን ዓመት ከመደብር የተገዛ፣ ከላይ እስከ ታች ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሆነ ልብስ ለብሳ ሄዳ እንደ እኔው ተዝለፍልፋ ነው የተመለሰችው። ያጋጠመኝን ስነግራት በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ከሥጋሽ ጋር የሚገናኘው ልብስ የእውነት ይሁን። ከላይ ያለውን ቀስ ብለሽ ትሞይዋለሽ። ጫማሽን ደግሞ ከበዓሉ በፊት ቤት ውስጥ ልበሺው።» እነሱ ከሥር የሚለብሱት ከተልባ እግር የተሠራ ሰፊ የውስጥ ቀሚስ ነው። ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በላይ የፈለጉትን ይደራርባሉ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳስበው አዘንኩ። የተልባ እግር እኛ ዘንድ ባይለበስም፣ ፈትል አለን። እናቴ እንዝርት ስታሾር ነው ያደግኩት። እኔ ግን በአድዋ ቀን፣ ያን ሁሉ ጥጥ ትቼ፣ ከጥንቱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ተከራይቼ የጥንት ሰው መሰልኩ ብዬ ቆሜያለሁ። የክተቱ አዋጅ የወጣው በመስከረም 1888 ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው በየካቲት። ከመስከረም እስከ የካቲት ተራራ ወጥቶ ሸለቆ ወርዶ የተጓዘ ሕዝብ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ሰውነቱን በሚያንቅ ልብስ ሊሄድ አይችልም። ለአምስት ወር መንገድ የሆነ ልብስ ለአምስት ሰዓት በዓል እንዴት አይመችም? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ጥር መጀመሪያ ላይ ጋሼ ቤት የገባሁት።

ቤቲቱ ጠባብ ናት። አንዲት የእግር መርገጫ ያላት ጥቁር ሲንጀር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በከሰል የሚሠራ የድሮ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በሚስማር የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች። ጋሼ ወደ ሰባዎቹ የተጠጉ ይመስለኛል። ወጣት ሳሉ እዚሁ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ስለዚህ ክር ሲነኩ በጣታቸው ነው የሚያነቡት። የኪራዩን ቀሚስ ፎቶ ከስልኬ አሳየኋቸው። ረዥም ጊዜ አዩትና «እታለም፣ ይኼ እኮ ላስቲክ ነው። ሰውነትሽን በላስቲክ ጠቅልለሽ ፀሐይ ላይ ከቆምሽማ ምን ይሁን ብለሽ ነው» አሉኝ።

ልክ አወሳሰዳቸውን ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ቆሜ ለኩኝ፤ ቀጥሎ «እስኪ እንጀራ እንደምትጋግሪ አጎንብሺ» አሉ። አጎነበስኩ፤ ሜትሩን ከአንገቴ ሥር እስከ ወገቤ በጀርባዬ በኩል አስኬዱት፤ ከቆምኩት ልኬት በአራት ጣት በለጠ። «እንስራ እንደተሸከመ ሰው እጅሽን አንሺ» አሉ። «ቁጭ በይ፣ ዱካ ላይ።» ዱካው አጭር ስለሆነ ጉልበቴ ከፍ አለ፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለኩ። ከነዚህ ሁሉ ትልቁን ቁጥር ነው የጻፉት። «ልብስ ቆመው ለፎቶ አይሰፋም፤ የሚሠራ ሰው ነው የሚለብሰው» አሉ። የአክስቴ ልጅ ስለ አገሯ ፌስቲቫል ካወራችኝ ሁሉ ይበልጥ ጀማሪን የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ያማረ ልብስ፣ ልጅ ለማንሳት ሲያጎነብሱ ብብት ላይ ይቀደዳል።

ጨርቁን ራሴ እንዳመጣ ነገሩኝ። ሳባ የሚሉትን፣ የሚያንጸባርቀውን፣ ተዪው አሉኝ፤ ለሠርግ ማታ ያምራል፣ ለቀን ፀሐይ አይሆንም። መነን የሚባለው ጨርቅ ይሻላል፣ ግን ፈትል ካገኘሽ እሱን አትለፊው። ገበያ ውስጥ ሁለት ቅዳሜ ዞርኩ። ብዙ ሻጭ «ፈትል ነው» ይልሻል፤ ጋሼ ያስተማሩኝ መለያ ጨርቁን ወደ ብርሃን ማንሳት ነው። በእጅ የተፈተለ ክር እኩል አይደለም፤ አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል፤ በመሀሉም ብርሃን በትንንሽ ቀዳዳ ይገባል። ልብሱን ቀዝቃዛ የሚያደርገው ያ አለመስተካከሉ ነው፤ ነፋስ ያስገባል፣ ክሩም ጠበቅ ብሎ ስላልተገመደ ላብ ይጠጣል። በመጨረሻ ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ በ3,600 ብር ገዛሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ። ሸማኔው አልደበቁኝም፤ ድሩም በእጅ የተፈተለ ከሆነ ዋጋው እጥፍ ነው አሉ።

ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁን ማጠብ ግድ ነው። ጋሼ ሳይታጠብ የመጣ ጨርቅ አይቆርጡም። ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ሳልጨምቅ ጥላ ላይ አሰጣሁት፤ ከርዝመቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ተሰበሰበ። ያ ስንዝር ከተሰፋ በኋላ ቢጠፋ ኖሮ ቀሚሱ ለታናሽ እህቴ ይሆን ነበር።

አቆራረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥንታዊውን ልብስ ምቹ የሚያደርገው ምስጢር እዚያ ያለ ይመስለኛል። የእጅ ሸማ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ያንሳል፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ስለሚወረውር ጨርቁ ከክንዱ ሊሰፋ አይችልም። እንደዚህ ተደክሞበት የተሠራን ጨርቅ ደግሞ ማንም በመቀስ ጎርዶ ቁራጩን አይጥልም። ስለዚህ ጋሼ በቀጥታ ነው የሚቆርጡት። ፊትና ኋላ ሁለት ቀጥ ያለ፣ ጎኑ ላይ ከላይ ሾጠጥ ከታች ሰፋ የሚል ቁራጭ፣ ብብት ሥር ደግሞ መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን። ያቺ የብብት ቁራጭ ናት ሁሉን ነገር የቀየረችው። እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ቀሚሱ አብሮኝ አይነሳም። እጅጌው ክንዴ ላይ ጠባብ ነው፣ የዚያ ዘመን ሴቶች ፎቶዎች ላይ እንደምናየው፤ ግን አንዴም አልያዘኝም። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው የባህል ልብስ ወገቡ ላይ ተጣብቆ፣ በዚፕ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። የጋሼ ቀሚስ ወገብ የለውም፤ ክብደቱን ትከሻ ይሸከመዋል፣ ወገቡን የሚሠራው መቀነት ነው። ከምሳ በኋላ መቀነቱን ላላ ያደርጉታል፣ አለቀ።

ለዘጠኝ ዓመቱ ልጄ እጀ ጠባብና ሱሪ አሰፋሁለት። ሱሪው ከጭኑ ሰፊ፣ ባቱ ላይ ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ የእኔ ቀሚስ ብብት ሥር እንዳለችው ዓይነት ቁራጭ ገብታበታለች። ልጄ ፉከራ ላይ በጉልበቱ ወድቆ ተነሥቶ፣ ዘሎ፣ ደግሞ ወድቆ አንዲት ክር አልተፈታችም። ጋሼ ሱሪውና እጅጌው ጠርዝ ላይ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ትተዋል፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታል። ጎፈሩ ከበግ ለምድ ነው፤ የአንበሳ ጎፈር ጥንትም የጀግና ሽልማት እንጂ የማንም ራስ ላይ የሚወጣ አልነበረም። ቆዳው ግንባሩን እንዳያሳክከው ከውስጥ የነጠላ ቁራጭ ገበር አደረጉለት። ጋሻ ግን አላሠራሁለትም። የድሮው ጋሻ ከጉማሬና ከጎሽ ቆዳ ነበር የሚሠራው፤ ልጄ የአያቱን ሰፌድ በጀርባው በኩል ገመድ አስሮለት ያዘ፤ ቀላል ነው፣ ሲደክመውም እንደ ኮፍያ ፀሐይ ከለለበት።

አሁን ስለ ጉድለቱ። ቀሚሱን የካቲት 10 እንደሚያስረክቡኝ ነበር የተስማማነው። 10 ሄድኩ፣ አልተጀመረም። 12 ሄድኩ፣ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስልክ አያነሡም፤ መኪናው ሲሠራ አይሰማኝም ይላሉ። የተረከብኩት 14 ማታ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ነው፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ ተስያለሁ፣ ቀሚሱንም ከአድዋው በፊት የምፈትነው በዚያ ቀን ነው። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ቀብዱን ደብተር ላይ ይጽፉታል። ልብስ የሚለኩበት ቦታ መጋረጃ የተጋረደበት ጥግ ነው፤ ለሴት አይመችም፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንገታቸውን ደፍተው «እውነትሽን ነው» አሉ። ያም ሆኖ የምሄደው እዚያው ነው። ደንበኛ የሚሆን ሰው ግን ቀጠሮውን ከእውነተኛው ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይንገራቸው።

የካቲት 16 እሑድ ነበር። በጀልባ ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐይቁ ላይ ጠዋት ይበርዳል፤ ቀሚሱ ብቻውን ስለማይበቃ ጋቢ ደረብኩ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ከአውራምባ ሸማኔዎች ከዓመታት በፊት የገዛሁት። ከወደቡ ወደ ላይ ቡናው ውስጥ ለውስጥ የሚወስደው መንገድ ድንጋይና ሥር የበዛበት ነው። እዚያ ነው የመጀመሪያውን ስሕተት ያገኘሁት። ዳገቱን ስወጣ የቀሚሱ ጫፍ ከእግሬ ጣት ሥር ይገባል። በእጄ ሰብስቤ መያዝ ጀመርኩ፤ ሁለት እጅ ለቀሚስ ከሰጠሁ ልጄን በምን እይዛለሁ? ሦስት ጣት መነሣት ነበረበት። ሁለተኛው አንገቱ ነው። ጥልፉ ከውስጥ በኩል ቋጠሮው አልተሸፈነም፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ማጅራቴን ሲያሳክከኝ ቆየ። ሦስተኛው ጭንቅላት ማስገቢያው ጠባብ ነው፤ ሹሩባ ተሠርቼ ስለነበር ጠዋት ሳጠልቀው ሁለት ጉንጉን ሊፈታብኝ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ መቅደሱ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች እንደ ተማሪ ቆሜ አየኋቸው። ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፣ ልብሱን ብዬ ግን አይቼ አላውቅም። ሠዓሊዎቹ ቅዱሳኑን የሣሉት በራሳቸው ዘመን በሚያውቁት ልብስ ነው፣ መኳንንቱ ይለብሱት በነበረው። ጨርቁ ሁሉ ከትከሻ ነው የሚወርደው፤ እጥፋቱ በመስመር በመስመር ተሥሏል። ፈረሰኛው እንኳን ልብሱ ከኋላው ይነፍሳል እንጂ አልታነቀም። የጋሼን ቀሚስ ለብሼ እዚያ ቆሜ ያንን ማየቴ ልቤን ነካው። ተማሪዎቼን እዚያ ይዤ ብሄድ ብዬ ተመኘሁ፤ በአድዋ ሥዕሎች ላይ የእኛ ወታደሮች በሙሉ ፊት፣ ጠላት ደግሞ በአንድ ወገን ፊት የሚሣልበት ልማድ ከየት እንደመጣ የሚያዩት እዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

ሰኞ 17 ዐቢይ ጾም ገባ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቀሚሱን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሦስቱንም ነገር ዘረዘርኩላቸው። አልተቆጡም፤ አላስተባበሉምም። ጫፉን እዚያው ቆሜ አሳጠሩት፤ የጥልፉን ውስጥ በስስ ነጠላ ሸፈኑት፤ አንገቱን በፊት በኩል አንድ ስንዝር ሰንጥቀው ሁለት የክር ቁልፍ አደረጉበት። ለዚህ አንዲት ሳንቲም አልጠየቁም። ያልጠየቅኳቸውንም አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ከውጭ የማይታይ ኪስ። «ስልክሽን መቀነትሽ ውስጥ ስትሰኪ አይቻለሁ፤ ልጅ ይዘሽ ስትሮጪ ይወድቃል» አሉ።

ጫማ ከእሳቸው ቤት አይገኝም። እኔ ከቆዳ የተሠራ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ነጠላ ጫማ አሠርቼ፣ ለሦስት ሳምንት ቤት ውስጥና ወደ ሥራ ስሄድ አደረግኩት። በ1888 አብዛኛው ዘማች በባዶ እግሩ ነበር የሄደው፤ የእኛ እግር ግን አስፋልትና ጫማ የለመደ ነው፣ ባዶ እግር ልሂድ የሚል ጀማሪ ካለ እኔ አልመክረውም።

የበዓሉ ቀን ደግሞ እሑድ ዋለ። ጠዋት ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤቴ ስንወጣ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋቢውን ደረብኩ። አራት ሰዓት ሲሆን አውልቄ ለአንዲት ተማሪ እናት አስያዝኩ፤ ነጠላዬን ብቻ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። አምስት ሰዓት ላይ፣ ባለፈው ዓመት በተዝለፈለፍኩበት ሰዓት፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ ልጆቹን አሰልፍ ነበር። የጥንቱ አለባበስ ይህን ሁሉ ያለ ዚፕ ያለ ቁልፍ ያደርገዋል፤ ሲበርድ ትደርቢያለሽ፣ ሲሞቅ ታሸርጫለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ መስቀለኛ ታጣፊያለሽ፣ ልጅ ሲተኛ ታለብሺዋለሽ። ላብ አላበኝም አልልም፤ የየካቲት ፀሐይ ነው። ግን ላቡ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ይቀዘቅዛል። ዘንድሮ አዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ያነበበችው ባለፈው ዓመት ወደ ጥላ የወሰደችኝ ልጅ ናት፤ አሁን ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። «ጉልበት የሌለህ ለልጅህ ለምስትህ ለሃይማኖትህ ስትል» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ሳይሰበር ያዘችው፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እንባዬንም በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ።

ወጪውን ለሚጠይቅ፦ ጨርቅ 3,600፣ ስፌት 2,800፣ የአንገትና የእጅጌ ጥልፍ 1,200፤ ለልጄ እጀ ጠባብና ሱሪ ከነጨርቁ 1,900፣ ጎፈሩ 900። በጠቅላላው 10,400 ብር። ለአስተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ እቁብ ስለወጣልኝ ነው የደፈርኩት። የኪራዩ ለሁለት ቀን 1,500 ነበር፣ የተቆረጠብኝን 300 ሳይጨምር። በየዓመቱ ከሚከራይ ሰው ጋር ሳወዳድረው፣ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ማስላት አያስቸግርም፤ ደግሞም ይህ ቀሚስ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚወጣ አይደለም፣ ሰንበት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን እለብሰዋለሁ።

አቅም የሌለው ጀማሪ ሁሉንም በአንዴ አይግዛ። የእናቱን ጋቢ ይዋስ፣ ነጠላ የሌለው የኢትዮጵያ ቤት እምብዛም ነው። ገንዘቡን በሁለት ነገር ላይ ያውጣ፤ ከሥጋው ጋር በሚገናኘው ቀሚስ ወይም እጀ ጠባብ፣ እና በጫማው። ካባና በርኖስ ይቆይ። በርኖስ የሱፍ ነው፣ ለመንዝ ብርድ የተሠራ፤ ለባሕር ዳር ቀን አይሆንም፤ ፎቶ ለመነሣት ከሆነ ተውሶ አምስት ደቂቃ ደርቦ መመለስ ይበቃል። የከፋይ ካባ መልበስ ያለበት ሰው ካለ፣ የላስቲክ ገበር እንዳይኖረው ውስጡን ገልጦ ይይ።

አንድ ቅሬታ ቀርቶኛል። መጀመሪያ ያጠብኩት ቀን የግራ እጅጌው ቀይ ጥልፍ ቀለም ለቀቀ፤ ክንድ አካባቢ ሮዝ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ቀረ። ቀኙ አልለቀቀም፤ ስለዚህ ክሩ ከሁለት ጥቅል የመጣ ነው። ወስጄ አሳየኋቸው። ጋሼ ክሩን በምራቃቸው አርሰው ነጭ ቁራጭ ላይ አሹት፤ ቀለሙ ወጣ። ፊታቸው ጨለመ። «ይኼንን እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ» አሉና ጥልፉን ፈትተው እንደገና እንደሚሠሩልኝ፣ ነጠብጣቡን ግን እንዲያወጡት ቃል እንደማይገቡልኝ ነገሩኝ። ሐቀኛ መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥልፍ ክር ሳይፈትኑ እንደማይሰፉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ጥቋቁር፣ ቀያይና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል።

እጅጌው አሁንም እሳቸው ጋ ነው። ለፋሲካ እንደሚደርስ ነግረውኛል፤ እኔ ለዳግማይ ትንሣኤ ይዤዋለሁ። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ አሥራ ሁለት ተማሪዎች እጀ ጠባብ ስለሚያስፈልጋቸው ወላጆች ተነጋግረን፣ ከኅዳር ጀምሮ እንዲሰፉ 500 ብር ቀብድ ደብተራቸው ላይ አስጽፌያለሁ፤ ጨርቁን አጥበን እንደምናመጣም ጭምር።